እናትዬ የሚሏት ድምፅ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አቃቂ ሜዳ አስራ አንድ ሺህ ሰው ቆሞ ነበር። የሚሰማው ግን የጫማ ኮቴ፣ አልፎ አልፎ ሳል፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንዲት የምታናፋ አህያ ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ፍሬውን አድርጓል። ፍሬ የሚሏት ሽንብራ የምታህል ነገር ናት። ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ ትገባለች፣ ለመኝታ ትወጣለች፣ በመሃሉ ባለቤቷ የሚሰማውንና የማይሰማውን እሷ ትመርጥለታለች። ያን ቀን ለአስራ አንዱም ሺህ ሰው የምታሰማው ቆርቆሮ የተባለውን የሄቪ ሜታል ባንድ ነበር። ወጣቶቹ አንገታቸው እስኪዝል ጸጉራቸውን ይወዘውዛሉ፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ይቀስራሉ፣ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ያለ ድምፅ ይጮኻሉ። የድምፅ ልክ አዋጅ ከወጣ በኋላ የተወለዱ ናቸውና ያለ ድምፅ መጮህ አይከብዳቸውም። የሚከብደውስ ለሽማግሌዎቹ ነው።

መድረኩ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። ቤዝ ጊታር ያነገተው ኖላዊ ባሪያው ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ግራ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዘፈን በተጠናቀቀ ቁጥር እሱን ማሸት ልማዱ ሆኗል። መሃል ላይ የቆመችው ድምፃዊቷ ህሊና ናት። ድራሙን የሚመታው ከነዓን ይባላል፤ የድራሞቹ ፊት በጎማ ተሸፍኗል። የጊታሩ ገመድ ወደ ኋላ ይሄድና ከመጋረጃው ጀርባ ምንም ነገር ላይ ሳይሰካ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከጀርባቸው አርባ ስምንት አምፕሊፋየሮች እንደ ግንብ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ባዶ ሣጥን ናቸው። በሦስተኛው ረድፍ አንዱ ውስጥ ዋኖስ ጎጆዋን ሠርታ ሁለት ጫጩት ፈልፍላለች። ኖላዊ ክሩን በመታ ቁጥር ጢቅ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ጫጩቶቹም ከለመዱት ቆይተዋል።

ሰው የሚሰማው እነሱን አይደለም። ወርቀዘቦ ሙዚቃ የሚባለው አሳታሚያቸው፣ ገና ጎረምሶች ሳሉ የቀዳውን፣ ከዚያም ያጠራውንና ያስተካከለውን ነው። በዚያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት የሞተው የኖላዊ ታላቅ ወንድም ዮሐብ እንኳ ዛሬም ጊታሩን ይገርፋል። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም። ምን ብለውስ ይነጋገራሉ?

ዝግጅቱ አልቆ ከመድረክ ሲወርዱ ቃልአብ ሦስት ብርጭቆ የፓፓያ ጭማቂ ይዞ ጠበቃቸው። ቃልአብ የወርቀዘቦ ሠራተኛ ነው፤ በሠላሳዎቹ ያለ፣ ሲበዛ ትሑት ሰው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ኖላዊ ይቀለው ነበር።

«ጋሼ ኖላዊ፣ ዛሬ አምራችሁ ነበር» አለ።

«እግዜር ይስጥልን።»

«ሐሙስ ማመሳከሪያ ነው፤ እንዳይረሱ ብዬ ነው። አምና ዘጠና ነጥብ አራት ነበር ያመጣችሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ካቻምና ደግሞ ዘጠና ሁለት።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«እንዲያው ስለማስብላችሁ ነው» አለ ቃልአብ። እውነቱን ነበር፤ ያስብላቸዋል።

ማመሳከሪያ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። አሳታሚው ባንዱን አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በእጃቸው ያጫውታቸዋል፣ የተጫወቱትንም ካስቀመጠው ዋና ቅጂ ጋር ያስተያያል። ዘጠናና ከዚያ በላይ ያመጣ የዘፈኑ ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል። ከዘጠና በታች ያመጣ ግን ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ከዚያ ወዲያ የራሱን ዘፈን ቢጫወት የሰው ሁሉ ፍሬ እንዳልተፈቀደ ድምፅ ቆጥራ ታጠፋዋለች። አቤኔዘር የሚባል የሌላ ባንድ ድምፃዊ ከስድስት ዓመት በፊት ሰማንያ ዘጠኝ አመጣ። በልጁ ሠርግ ላይ ተነስቶ ዘፈነላት። እንግዳው ሁሉ ያየው አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አቤኔዘር ሠርግ ቤት አይሄድም።

ኖላዊ ለስሙ ብዙም ግድ አልነበረውም። ቆሞ መዋሉም አንገፍግፎታል። የሚያሳስበው ሶልያና ናት፤ የዮሐብ ልጅ። አባቷ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ ሃያ አራት ሞልቷታል። ሶልያና ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ የምትሰማው በፍሬ ብቻ ነው። በየዓመቱ በአባቷ ሙት ዓመት ኖላዊ ቦክስ ጊታሩን ይዞ ቤቷ ይሄዳል፣ ዮሐብ የሠራውን «የሰኔ ጣሪያ» ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይጫወትላታል። ባለቤት ሲጫወት ፍሬ እንዳለ ታሳልፋለች። የተስተካከለው ቅጂ አባቷን አያመጣላትም፤ ልጅቷ ከአባቷ የቀራት ፊት ለፊቷ የሚጫወትላት ያ ዘፈን ነው። ሐሙስ ቢወድቁ፣ በሚከተለው እሑድ፣ በሙት ዓመቱ፣ ሶልያና የአጎቷን ጣቶች ቁጭ ብላ ታያለች፤ በቃ።

በማግስቱ ህሊና ቤት ለልምምድ ተሰበሰቡ። ህሊና ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ቃሊቲ ትኖራለች፤ ሳሎኗ ውስጥ የዮሐብ አሮጌ አምፕሊፋየር የጽጌረዳ ማሰሮ ተቀምጦበታል።

«እናትዬን ስጠን» አለች ህሊና፣ እንደ ሁልጊዜው።

ይህ የእነሱ ብቻ ልማድ ነው። ወጣት ሳሉ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ መቃኛ መሣሪያ አልነበራቸውም። የዮሐብ አምፕ ግን ገና ሲሰካ፣ ማንም ክር ሳይነካ፣ ከሆዱ እምም የሚል ድምፅ ያወጣ ነበር። የመብራቱ ድምፅ ነው፤ ያኔ መብራት ድምፅ ነበረው። ዮሐብ ወፍራሙን ክር በዚያ ድምፅ ቃኘ፣ ሌሎቹም እሱን ተከትለው ቃኙ። ቅኝታቸው ከዓለም ቅኝት ጥቂት ከፍ ይል ስለነበር እንግዳ ሙዚቀኛ አብሯቸው ሲጫወት ጥርሱን የበረደው ሰው ይመስል ነበር። እነሱ ግን ድምፅዋን እናትዬ አሏት። መብራት ሲጠፋ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለው እናትዬ እስክትመጣ ይጠብቁ ነበር።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አዲሱ መብራት ገባ። አዲሱ መብራት አይጠፋም፣ ዕቃ አያቃጥልም፣ ድምፅም የለውም። አምፑን ሲሰኩት ዝም አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናትዬን የሚሰጣቸው ኖላዊ ሆነ፣ በገዛ ጉሮሮው። በማሽን እንለካው ሲሉት እንደተሰደበ ሰው ይቆጣ ነበር። የወንድሜን ድምፅ ማሽን ሊነግረኝ ነው እንዴ ይል ነበር።

ዛሬም ዓይኑን ጨፍኖ እምም አለ።

ህሊና አልዘፈነችም። ከነዓንን አየችው፤ ከነዓን ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«ምንድን ነው?» አለ ኖላዊ።

«ወርደሃል» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ወርደሃላ! በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየወረድክ ነው። እኔ አብሬህ ስለምወርድ ዝም ብዬ ቆየሁ። አምና ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፄ እንዴት እንደቀለለኝ ሳስተውል ገባኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሊቀለኝ አይገባም ነበር።»

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ!»

«ምን ልበልህ ታዲያ? የወንድምህን ድምፅ ረሳኸው ልበልህ?»

ኖላዊ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ማልቀስ ቢችል ደስ ባለው፤ ግን እሱም አቅም ይፈልጋል። ነጥባቸው ለምን እንደሚወርድ አሁን የተገለጠለት መሰለው፤ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ የእሱ ጉሮሮ።

ከነዓን ከጫማው ቀና አለ። «ዱከም አንዲት ወፍጮ ቤት አለች» አለ። «ሞተሯ በአዲሱ መብራት አልሠራ ስላለ እስከ ዛሬ በድሮ ጄኔሬተር ነው የምትፈጨው። ባለፈው ሽሮ ላስፈጭ ሄጄ ግድግዳውን ስደገፍ ጥርሴ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማኝ። ምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩትም።»

ህሊና ተነስታ የጽጌረዳውን ማሰሮ ከአምፑ ላይ አወረደች።

ማክሰኞ ጠዋት አምፑን በጋሪ ጭነው ዱከም ደረሱ። የወፍጮ ቤቷ ባለቤት ኬሪያ ትባላለች፤ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ ዱቄት የለበሰች፣ በሃምሳዎቹ ያለች ሴት። ጄኔሬተሩ በጉሎ ዘይት ይሠራል። አራት ሴቶች ጆንያቸውን ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር። ኬሪያ ፍሬ አታደርግም፤ ዱቄት ይገባባታል ትላለች።

«ለጩኸትስ ፈቃድ አለኝ፤ ዕድሜ ለወፍጮዬ» አለቻቸው። «ግን ምን ልታስፈጩ ነው? ይሄ ሣጥን እህል አይደል።»

«ድምፅ ፈልገን ነው እመቤቴ» አለ ኖላዊ። «ሶኬትዎን ለአንድ ሰዓት ቢያውሱን።»

ኬሪያ ከእግር እስከ ራሱ ገረመመችው፤ ከዚያ በክርኗ ወደ ግድግዳው ጠቆመችው። «ጤፉ አልቆ ስንዴው ሳይገባ ስኩት። እህል ሲገባ ሞተሩ ይጎተታል።»

ጤፉ አለቀ። ሦስቱም ፍሬያቸውን አወለቁ። ኖላዊ ሰካ። የአምፑ አምፖሎች እስኪሞቁ ጥቂት ቆዩ፤ ከነዓን እንደ ሕመምተኛ ልብ በመዳፉ ሣጥኑን ይዳብስ ነበር። ከዚያ መጣች። እምም። ከሣጥኑ ሆድ፣ ልክ ያኔ እንደነበረችው።

ኖላዊ አብሯት በጉሮሮው እምም አለ። ሁለቱ ድምፆች አልተገናኙም፤ የእሱ ከሥር ነበር፣ በመሃላቸውም አየሩ እንደሚንቀጠቀጥ ዋ ዋ ዋ ይል ነበር። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መንቀጥቀጡ ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ በመጨረሻ ቆመ። ግን ሊይዛት አልቻለም፤ ሳል አቋረጠው። ጉሮሮው አርጅቷል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እናትዬ ናት ብሎ ሲሰጣቸው የነበረው የራሱን ድካም ነበር። ይህን በገዛ ጆሮው ሰማውና እፍረት ተሰማው።

ክሮቹን በእናትዬ ቃኘ። ከዚያ ማንም ተጫወት ሳይለው ቤዙን አምፑ ላይ ሰካና «የሰኔ ጣሪያ»ን ጀመረ። ጢቅ አይደለም የወጣው። የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ተንዘፈዘፈ፣ ከማገሩ የከረመ ዱቄት ረገፈ። ህሊና መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዘፈነች፤ ከፍ ያለውን ቦታ ስትደርስ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ ግን ደረሰችበት። ከነዓን ባዶ በርሜል ገልብጦ በእንጨት ወቃው። ሴቶቹ ድምፁ ከአዋጁ ልክ ስላለፈ ፍሬያቸው እያጠፋችባቸው መጀመሪያ የሚያዩት ዱቄቱ ሲረግፍ ብቻ ነበር፤ ኬሪያ በምልክት አውልቁ አለቻቸው። አወለቁ።

«ኧረ ደረቴን መታኝ!» አለች አንዷ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«እኔንስ ዱቄቴን በተነብኝ» አለች ሌላዋ፤ ግን ፍሬዋን መልሳ አላስገባችም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ኬሪያ በመቀነቷ ዓይኗን ጠረገች፤ ዱቄት ይሁን ሌላ አልታወቀም። «እንዲህ ያለ ነገር ይዛችሁ ነው ዝም ብላችሁ የምትቆሙት?» አለች። ኖላዊ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለ።

ሐሙስ ዕለት ኖላዊ ቅኝቱ እንዳይላላበት ቤዙን እንደ አራስ ልጅ በነጠላ ጠቅልሎ ወርቀዘቦ ደረሰ። የማመሳከሪያው ክፍል ነጭ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ውሃና መሐረብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሦስት ዘፈን ተጫወቱ። ከነዓን አንድም ምት አልሳተም። ህሊና በአስር ዓመት ውስጥ እንዲህ ዘፍና አታውቅም። ሲጨርሱ ተያዩና ፈገግ አሉ፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቃልአብ ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ቆየ።

«ሰማንያ አራት» አለ።

«ስህተት ነው» አለ ከነዓን።

«ሁለቴ አየሁት፣ ጋሼ። ቅኝቱ ነው። ከፍ ብላችኋል።»

«ከፍ ያልነው ትክክሉ ስለሆነ ነው» አለ ኖላዊ። «ያኔ ስንቀዳ እንዲህ ነበርን። ዋናውን ቅጂ ስማው!»

ቃልአብ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋናው ቅጂ ከብዙ ዓመት በፊት ተስተካክሏል እኮ፤ ከዓለም ቅኝት ጋር እንዲገጥም። የድሮው የለም። እናንተ ነጥብ የምታጡት በእጅ ነበር፣ በዕድሜ። ቅኝታችሁ ግን በየዓመቱ ዝቅ እያለ ወደዚህኛው እየቀረበ ነበር። እስከ ዛሬ ከዘጠና በላይ ይዞ ያቆያችሁ እሱ ነው።»

ኖላዊ የሳቀ መሰለው፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ያሳፈረው ጉሮሮ ነው ለካ ደግፎ ያቆማቸው፤ እውነተኛዋ እናትዬ ደግሞ ልትጥላቸው ነው።

«ደንቡ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቅዳል» አለ ቃልአብ። «ግን አሁኑኑ ነው። እንደ አምናው አድርጋችሁ ብትቃኙ…» አልጨረሰውም። በሩን ዘግቶላቸው ወጣ።

ከነዓን ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እኔ የፈለጋችሁትን ነኝ» አለ። «ደክሞኛል። ብንወድቅ አልሞትም፣ ብናልፍም አልድንም።»

ህሊና ኖላዊን አየችው። ስለ ሶልያና ታውቃለች። ብዙ ነገር ልትለው ትችል ነበር፤ በዱከም ቆርቆሮ ሥር ያገኘችውን ድምፅ መልሳ ለመጣል እሷም ዋጋ ትከፍላለች። ያለችው ግን የለመዱትን ብቻ ነው።

«ኖላዊ፣ እናትዬን ስጠን።»

ኖላዊ ዓይኑን ጨፈነ። ዮሐብን ለማየት ሞከረ፤ የመጣለት ግን አቤኔዘር ነው፣ በልጁ ሠርግ ላይ አፉን እየከፈተና እየዘጋ። ጉሮሮውን ለቀቀው። ዝቅተኛው ድምፅ ሳይፈልገው፣ ሳይቸገርበት፣ ከለመደው ቦታ ወጣ። ክሮቹን አላልቶ በዚያ ቃኘ። ህሊና ከፍ ያለውን ቦታ ያለ ምንም ጭንቀት አለፈችው።

ዘጠና ነጥብ አንድ አመጡ። ቃልአብ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ የሦስቱንም እጅ ጨበጠ፤ መዳፉ በላብ ርሶ ነበር።

እሑድ ሙት ዓመቱ ነበር። ኖላዊ ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ ዱከም ሄደ። ወፍጮ ቤቷ እሑድ ዝግ ናት፤ ኬሪያ ግን ቀድሞ ስለነገራት ጄኔሬተሩን ለእሱ ብላ አስነሳችለት። አምፑ እዚያው ግድግዳው ሥር ቀርቷል። ቦክስ ጊታሩን በእናትዬ ቃኝቶ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ ለራሱ ሲያስረዳ ነበር፤ ወርቀዘቦ ቢሮ የሰጠሁት ዝቅ ያለው ድምፅ ለእነሱ ነው፣ ለወረቀት ነው፤ ባለቤትነቴ ተርፏል፣ ለወንድሜ ልጅ እውነተኛውን አሰማታለሁ። በሳምንቱ ውስጥ ልቡ ቀለል ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ሶልያና በሩን ከፍታ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። የልብስ ስፌት ሥራዋን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባለች፣ የአባቷን ፎቶ አጽድታ ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ትንሽ ወንበር ስባ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካው ተጠጋችና ፍሬዋን በጣቷ ጠበቅ አደረገች።

«እሺ ጋሽዬ» አለች።

ኖላዊ ጀመረ። ክሮቹ ጥብቅና ብሩህ ነበሩ፤ ዮሐብ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የቆመ መሰለው፣ በሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ሸሚዙን ከፍቶ። የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ቀና ብሎ ልጅቷን አየ። ቅንድቧ ተቋጥሯል። ፍሬዋን አውጥታ አየቻት፣ ጠረገቻት፣ መለሰቻት። ትንሽ ሰማችና እጇን ክሮቹ ላይ አሳረፈች።

«ዛሬ ምን ነካህ?»

«ምን ሆነ?»

«ከፍ አለብኝ። ያባቴ እንዲህ አይደለም።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አባቴ ዝቅ ይላል፣ ጋሽዬ። ደክሞት ከሥራ እንደገባ ሰው ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚያጫውተኝ ይመስለኛል። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነው። ይሄኛውን አላውቀውም።»

ዮሐብ በሕይወቱ ደክሞት አያውቅም ነበር። ሲናገር ይጮኻል፣ ሲስቅ ብርጭቆ ይሰብራል፣ አምፑን እስከ መጨረሻው ሳይከፍት ክር አይነካም። ኖላዊ ይህን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ስለ አምፑ፣ ስለ አሮጌው መብራት፣ ስለ ወፍጮዋ ሊነግራት። ከዚያ ልጅቷን አያት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አንድ ቀን አባቷን እያመጣ ሲያስቀምጥላት ኖሯል፤ ያስቀመጠላት ግን ራሱን ነበር። ይህን ቢነግራት የሚቀራት ምንድን ነው?

አፉን መልሶ ዘጋ።

«እንደ ድሮው አድርገህ ተጫወትልኝ» አለች ሶልያና።

ኖላዊ ክሮቹን አንድ በአንድ አላላ። ዓይኑን ጨፍኖ በጉሮሮው እምም አለ፤ ዝቅ ያለው ድምፅ እንደ ሐሙስ ዕለቱ ሳይቸገር መጣለት። ወፍራሙን ክር በዚያ ቃኘና አንዴ ነካው።

«አዎ» አለች ሶልያና፣ ራሷን ትከሻው ላይ እየደገፈች። «እሱ ነው።»

ኖላዊ የወንድሙን ዘፈን ከመጀመሪያው ጀመረላት።